«አንቀበልም» የምትል አንዲት ገጽ

ጥር 6
ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። በደረጃ ወጣሁ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ኃላፊዬ ወፍራም ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የመንግሥት አዲሱ የከተማ ፕላን ፖሊሲ ረቂቅ። የከተማችን ምክር ቤት አስተያየት መላክ አለበት፤ የምጽፈው እኔ። ለምን እኔ? «ብዕርሽ ስለሚያምር» አሉ። ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው...

ቤት ስገባ ሕፃኗ ታለቅሳለች። አከራያቸው ቤቱን ከሸጠው ወዲህ ታናሽ ወንድሜ፣ ሚስቱና ልጃቸው ሳሎኔ ውስጥ ናቸው። ለጥቂት ቀን ነበር የተባለው።

ጥር 9
የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ራሳቸው ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ራስሽን አታድክሚ። "አንቀበልም" የምትል አንዲት ገጽ ትበቃኛለች።»

ረቂቁን ጨረስኩት። ዋናው ሁለት ነገር ነው። ከተማ ሁሉ በየዓመቱ የተወሰነ ቁጥር ያለው መኖሪያ ቤት የማሠራት ግዴታ ይኖርበታል። ደግሞ እስከ አራት ፎቅ ለሚሠራ ሕንፃ የጎረቤት አስተያየት አይጠየቅም። ይሄኛው አናደደኝ። በየዓመቱ የሚሠራው የቤት ቁጥር ግን... ልክ አይደለም እንዴ? ለማን ልንገር?

ከወጥ ቤት በረንዳ፣ ከበረንዳ ወጥ ቤት ስል አመሸሁ። የወንድሜ ሚስት «እታለም፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምንም አልኩ።

ጥር 13
የሕዝብ ውይይት። በሥራ ሰዓት፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ተነሡ። «ጎረቤቴ ፎቅ ሲሠራ ፀሐዬን ወሰደብኝ። ያኔ መጥቼ ብጮህ አንድ ፎቅ አስቀነሳችሁልኝ። አሁን ጩኸቴንም ልትወስዱ ነው?» ተጨበጨበ። እኔም በልቤ።

ከዚያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ወንድሜ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራበትን ቱታ እንደለበሰ። እንደሚመጣ አልነገረኝም።

«እዚህ የተቀመጣችሁት ቤት ያላችሁ ናችሁ» አለ። «ቤት የሌለው አሁን ሥራ ላይ ነው። እኔም አስፈቅጄ ነው። "አይሠራ" ስትሉ፣ እኛ የት እንደምናድር የጠየቀ አለ?»

ማንም አላጨበጨበም። እህቱ መሆኔን አልተናገረም። እኔም ዝም። ለምን ዝም አልኩ?

ጥር 14
ወንድሜ አኩርፎኛል። ራት ላይ ጨው እንኳ ያቀበለኝ በሚስቱ በኩል ነው።

ጥር 19
ጻፍኩት። የቤቱን ቁጥር እንቀበላለን። ጎረቤት መጠየቁ ግን አይቅር፤ የሕዝብ ስብሰባውም በከተማችን ከአሁኑ ጀምሮ ሰው ከሥራ ሲወጣ ይሁን፣ ተከራይም ይጠራ። ኃላፊዬ ደጋግመው አነበቡት። «ልክ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ይሄን ይዘሽ ከገባሽ ሰብሳቢው ዓይንሽን ማየት አይፈልጉም።»

«እርስዎስ ከጎኔ ነዎት?»

«እኔማ ጡረታዬ ደርሷል። ጆሮዬም እየደከመ ነው፣ ቁጣቸውን አልሰማም።»

ሳቅን። የሳቀው ጥርሴ ነው።

ጥር 23
ምክር ቤቱ ፊት አቀረብኩት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድምሽ ቤት ፈላጊ ነው ይባላል። ይሄ የተጻፈው ለከተማው ነው ለእሱ?»

«ወንድሜ ነው፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው የሚያድረው» አልኩ። «የእናንተ ልጆችስ? እዚሁ ከተማ ቤት ያገኘ አለ?»

አንዲት አባል አንገቷን ደፋች።

ድምፅ ተሰጠ። ጎረቤት መጠየቁ አለፈ። የማታ ስብሰባውና ተከራይ መጥራቱም ለጥቂት አለፈ... የቤቱ ቁጥር ግን ወደቀ። እሱ ላይ «አንቀበልም» ተባለ፤ ከሥሩ አዘጋጅ ተብሎ የኔ ስም።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ሰምቷል። «ቁጥሩ ወደቀ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ወንድሜ ነው አልሽ አሉ።» ሻይ ቀዳልኝ። በቂ ነበር።

የካቲት 11
እነ ወንድሜ ሄዱ። በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ሌላ ከተማ ቤትም ጋራዥም አግኝቷል። ሳሎኑ ሰፋ። አልወደድኩትም። አሁን ከዚህ ከተማ ማን ቀረኝ?

የካቲት 18
ከፕላን ክፍል አንስተው ነዋሪ ማነጋገር ላይ መድበውኛል። ቅጣት መሆኑ ነው መሰለኝ።

ዛሬ የመጀመሪያው የማታ ስብሰባ ነበር፣ ከገበያው ጀርባ ሊሠራ ስለታሰበ ሕንፃ። ማስታወቂያውን በየጋራዡና በየዳቦ ቤቱ በር ለጥፌ ነበር። ማን ይመጣል እያልኩ ስቁነጠነጥ... መጡ። ወንበር አለቀ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ዱቄቷን ሳታራግፍ በር ላይ ቆመች።

«ተከራይ ነኝ። መናገር እችላለሁ?»

«ትችያለሽ» አልኳት። የራሴን ወንበር ሰጠኋት፣ ያለችውን ቆሜ ጻፍኩ።