ስድስት አምባር፣ አንድ ልብ

ሐሙስ

ስድስቱም መስመሮች አንድ ሆነዋል። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት፤ አሁንም አንድ ናቸው።

ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር ለጥናታችን የተመዘገቡ ስድስት ነፍሰ ጡሮች የልብ ምት የሚመዘግብ አምባር አድርገዋል። እስከ ዛሬ የእያንዳንዷ ምት ከሌላዋ ይለይ ነበር። ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ግን ስድስቱም አብረው ይፈጥናሉ፤ አብረው ለአፍታ ይቆማሉ፤ አብረው ይነሣሉ።

አምባሩን የሠራው ኢንጂነር ናትናኤል፣ «ፕሮግራሙ አንዱን እየደገመ ነው፤ ሰርዢው» አለኝ። መረጃውን የማጣራው እኔ ነኝ። አልሰረዝኩም።

ዓርብ

ምቱ ፈጥኗል። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ልብ እንዲህ አይሮጥም።

የአምባሮቹ ቁጥር፦ ትክክል። ባትሪ፦ ትክክል። ሰዓት፦ ትክክል። ናትናኤል ፕሮግራሙን ሲመረምር ውሎ ስሕተት አላገኘም፤ ቀልዱንም ትቷል።

ለአዋላጇ ለሲስተር ዘሀራ አልነገርናትም፤ የማሽን ጉዳይ ነው ብለን። በዕቅዳችን ላይ «የተቀናጀ ቡድን» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። የምንገናኘው ግን ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም ሁሉም የየራሱን ሪፖርት አንብቦ ይወጣል።

ቅዳሜ

ጠዋት ከስድስቱ አንዷ ለሆነችው ለሶፊያ ደወልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ ገበያ ነኝ» ብላ ሳቀች። እርሷ ስትስቅ በዓይኔ ፊት መስመሯ ቆመ፤ ከዚያም እንደሚሮጥ ሰው ተነሣ። ስልኩን ዘግቼ ናትናኤልን ጠራሁት።

አብረን ወደ ዘሀራ ሄድን። መስመሮቹን አይታ፣ «የጀመረው ሐሙስ ነው? ዘጠኝ ሰዓት?» አለች።

«አዎ።»

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ያን ዕለት ምነው ሳትነግሪኝ? ሐሙስ እኮ ዱበርቲዎቹ፣ የዱዓ እናቶቹ፣ ለነፍሰ ጡር ዱዓ የሚያደርጉበት ቀን ነው። የዚያ መንደር ሴቶች አንዷ ስትታመም ከክንዳቸው ያለውን አምባር ያውሷታል፤ እስክትገላገልም መልሰው አይወስዱም።»

«የኛን አምባር?» አለ ናትናኤል።

«አምባር አምባር ነው፣ ወንድሜ። ኢንጂነር ስለሠራው ይቀራል እንዴ? ይህ የአንዲት ሴት ልብ ነው። ደክሟል።»

የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ዐወቅኩ። ከዲጃ የምትባል የዚያው መንደር ነፍሰ ጡር ከምዝገባው አንድ ቀን ዘግይታ መጥታ ነበር፤ ደረጃውን ስትወጣ ታለከልክ ነበር። «መዝገቡ ተዘግቷል» አልኳት። ማለክለኳንም ለዘሀራ አልነገርኳትም፤ ምርመራ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ።

ሦስታችንም በባጃጅ ወደ ከዲጃ ቤት ሄድን። ዘሀራ «አካም ጅርቱ?» እያለች በኦሮምኛ ሰላምታ ቀድማ ገባች። ከዲጃ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ በአንዱ እጇ ሦስት፣ በሌላውም ሦስት። ስድስቱ አረንጓዴ መብራቶች በጨለመው ክፍል አብረው ብልጭ ይላሉ፤ አብረው ይጠፋሉ። ሴቶቹ ዱዓቸውን አላቋረጡም።

አንዲት ባልቴት ቀና ብለው አዩኝ። «አምባሩ ጠራሽ አይደል፣ ልጄ?»

ከዲጃን ደግፌ ወደ ባጃጁ ወሰድኳት።

እሑድ

ከዲጃ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ የልቧ በር መታመሙን ነግሮናል፤ ጽንሱ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚህ በላይ ቃል አልሰጠንም። ዘሀራ አጠገቧ ናት። ናትናኤል ከዲጃ እጅ ላይ አንድ አምባር ብቻ ትቶ ከእኔ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ምቱ ሲዛባ ለዘሀራ ይደውላል። ይህን ማንም ሥራዬ አይደለም አላለም።

መዝገቡን ከፍቼ ሰባተኛ ስም ጻፍኩ።

አምስቱ መስመሮች ቀጥ ብለዋል፤ አምባሮቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ስድስተኛው ይቆማል። ትንፋሼን እይዛለሁ። ይመታል።