አጥሩ ሥር የተገኘው ሥጋ

ጥር 14

ጎረቤቴ አምሃ ውሻዬን ጓዴን በመርዝ ገደለ። ያለፈው ፋሲካ ማግስት፣ በአጥር ላይ ሥጋ ወርውሮ። ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው። ዛሬም ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ "ገብሬ፣ እንዴት አደርክ?" አለኝ። አልመለስኩም። ነገም አልመልስም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ሐመልማል ደወለች። "አባዬ፣ ቅዳሜ የሆነ ነገር ይዤልህ እመጣለሁ።" ልጄ "የሆነ ነገር" ስትል ደስ አይለኝም።

ጥር 17

ቡችላ ነው ያመጣችው። ሴት፣ የሦስት ወር፣ ዳማ ቀለም። "መልሰሽ ውሰጃት" አልኩ።

"ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ከእሷ ጋር አውራ። ደግሞ ትምህርት አስመዝግቤሃለሁ።"

"እኔን?"

"ሁለታችሁንም።"

የውሻ ትምህርት ቤት! ሲ.ኤም.ሲ ድረስ! ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ብቻዬን የለየሁ፣ የኤሌክትሪክ ሙያን ማንም ሳያሳየኝ የተማርኩ ሰው… በሰባ ሦስት ዓመቴ የውሻ አያያዝ ልማር?

ዳማ አልኳት። ስም አወጣሁ ማለት አስቀራታለሁ ማለት አይደለም።

ጥር 18

ዳማ ጓዴ ይተኛበት የነበረው ቤት ውስጥ አልገባም አለች። ሽታው አሁንም አለ መሰለኝ። ካርቶን ሰጠኋት።

ጥር 24

ሄድኩ። ከመገናኛ ሚኒባስ ያዝን፣ ዳማ ጭኔ ላይ። ረዳቱ፦ "አባባ፣ ውሻዋ 'ወራጅ አለ' ማለት ትችላለች?" ታክሲው ሁሉ ሳቀ። "ካንተ ቀድማ ትማራለች" አልኩት።

አፓርታማዎቹ መሃል ያለ ሜዳ ነው። ስምንት ሰው፣ ስምንት ውሻ። ግማሾቹ ውሾች ትራስ ይመስላሉ። አስተማሪዋ ርሆቦት ትባላለች፤ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ሠላሳ ዓመትም የሞላት አትመስልም። "ሲት!" ስትል ሁሉም ቁጭ አሉ። ዳማ እኔን አየች።

"እንግሊዝኛ አታውቅም" አልኩ።

"ጋሼ፣ በፈለጉት ቋንቋ ይንገሯት። ብቻ ቃሉን አይቀያይሩባት።"

"ቁጭ!" አልኩ። አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ ደንግጦ ቁጭ ሊል ምንም አልቀረውም። ዳማ ግን ቆማ ቀረች።

"ቀስ ብለው፣ ጋሼ። ጆሮዋ ከእኛ ይበልጣል። ስትቀመጥ ደግሞ ያጉርሷት።"

ለውሻ ጉርሻ! ጓዴ በጉርሻ አልተማረም። በምን ተማረ? … እንጃ። እግሬ ሥር አደገ፣ አወቀ።

በአራተኛው ተቀመጠች። ማንም ሳያየኝ አጎረስኳት።

የካቲት 3

ዳማን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ጓዴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስገባ ሽታው ራሱ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ያኔ አራት ነበርን። እኔና አምሃ፣ ጓዴና ሹሜ። ሁለቱ ውሾች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን አምሃ በአንድ ቀን ወሰድን። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንወጣለን። አምሃ ሾፌር ስለነበር አቀበቱ ላይ "ሁለተኛ ማርሽ!" ይላል። ቁልቁለቱ ላይ እጄን ይይዝና "ፍሬን ያዝ፣ ገብሬ፣ ፍሬን!" ይለኛል። ሚስቴ ሸዋረጋ ነፍሷን ይማረውና ኪሴ ውስጥ ቆሎ ትጨምርልኝ ነበር። ግማሹን የሚበላው እሱ ነው። እንደ እሱ ያሳቀኝ ሰው የለም። ሹሜ በእርጅና ሲሞት ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን።

ይህን ለምን እጽፋለሁ? ይኸው ሰው አይደለም እንዴ ፋሲካ ሲቃረብ "ይሄ ውሻህ አባይነሽን እንቅልፍ ነሳት፣ አንድ ቀን አፉን እዘጋዋለሁ" ያለኝ? ሚስቱ ታማ ነበር፣ እሺ። ግን ተናግሯል። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ጓዴ ሞተ። አጥሩ ሥር ሥጋ ተገኘ። በእድሩ ስብሰባ ሁሉም በተቀመጠበት ተነሥቼ "ይህ ሰው መርዘኛ ነው" አልኩ። ዛሬም እላለሁ።

የካቲት 8

ዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከተበች። እሷ ዝም። ዓይኑን የጨፈነው እኔ ነኝ።

የበሰለ የዶሮ አጥንት አትስጡ ተባልን፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰጥ ኖሬ… አንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ አለች ርሆቦት። የኔ አንድ ጣትም አያስገባም ነበር። አላላሁት።

የቤት ሥራችን "ተዪው" ነው። የወደቀ ሥጋ ስታይ "ተዪው" ስላት መተው አለባት። ይህን ወደድኩት። ጓዴን ይህን ባስተምረው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።

የካቲት 19

ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ዳማ ከእኔ ጋር በሽሮ እየጾመች ነው።

ጆሮዋ ውስጥ መዥገር አገኘሁ። ሰባት። ከእንጦጦ ሣር ይሆናል። የከብት መዥገር መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ካለፈው ፋሲካ ዋዜማ ወዲህ አልተነካም። ለበዓሉ እንግዳ ስለሚመጣ ጓዴን ያጠብኩበት ነው። መዥገሩ በዝቶበት ስለነበር ጠንከር አድርጌ ነበር። ንጹሕ ሆኖ ነው የሞተ፣ ቢያንስ።

ቅዳሜ ከትምህርት ስመለስ ዳማን አጥባታለሁ።

የካቲት 22

ዳማን አላጠብኳትም።

የዛሬው ትምህርት ስለ መዥገርና ቁንጫ ነበር። ርሆቦት "ቤት ውስጥ ምን ትጠቀማላችሁ?" አለች። አንዱ ሳሙና አለ፣ አንዷ ነጭ ጋዝ። ሲስቁባት ደስ አለኝ። "እኔ የከብቱን ነው" አልኩ። "አንድ ቀን አያድርም፣ ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል።"

እሷ አልሳቀችም።

"ባልዲ ውስጥ ስንት ይጨምራሉ፣ ጋሼ?"

"ድሮ አንድ ክዳን። ባለፈው ግን መዥገሩ በዝቶ ሁለት ሲኒ።"

"ሁለት ሲኒ… ከዚያ ያለቀልቁታል?"

"ሻጩ አታለቅልቀው አለኝ። ይደርቅበት አለ።"

"ለበሬ ነዋ! በሬ ቆዳው ወፍራም ነው፣ እንደ ውሻ ገላውን ሁሉ አይልስም። ለበሬም ቢሆን ይህን ያህል አይደረግም።" ከዚያ ቀስ ብላ፦ "ባለፈው ያጠቡት ይቺን ነው?"

"ሌላ ነው።"

"ለሀጩ ተዝረበረበ? ተንቀጠቀጠ? የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አከለ?"

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። ጓዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ያየሁትን ዓይን ይቺ ልጅ ከየት አየችው?

"አላስታውስም" አልኩ። ዋሸሁ። ዳማን አንሥቼ ወጣሁ። በር ድረስ ተከተለችኝ። "ጋሼ፣ እባክዎ እሷን እንዳያጥቧት። መዥገሩን በመቆንጠጫ እንነቅላለን፣ እኔ አሳይዎታለሁ። ጠርሙሱን ያምጡልኝ።"

የካቲት 23

የዓምናውን ደብተር አወጣሁ። ሚያዝያ 28። በራሴ እጅ፦ "አጥሩ ሥር ሥጋ አገኘሁ። ከነአጥንቱ። እንዳለ ነው።"

እንዳለ ነው! ያልተነካ ሥጋ ማንን ይገድላል? ፋሲካ ማግስት ጭልፊት ሥጋ የማይጥልበት የማን ግቢ ነው? ራሴ ጽፌው ራሴ አላነበብኩትም።

የካቲት 26

"ገብሬ፣ እንዴት አደርክ?" አምሃ ዛሬም አለ። መመለስ ፈለግሁ። ግን ግቢዬ ገባሁ።

አባይነሽ ሐምሌ ውስጥ ነው የሞተችው። ሸዋረጋን ስድስት ወር ያስታመመች ሴት። እድሩ ድንኳኑን ሲተክል በመስኮት አየሁ፣ ዝናብ ነበር። መስኮቱን ዘጋሁ። ሦስቱንም ቀን አልሄድኩም። ከአጥሩ ወዲያ ስሟን እየጠራ ሲያለቅስ እሰማው ነበር… ለገዳይ አላዝንም ብዬ።

ሰባ ሦስት ዓመት ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም። ከየት ይጀመራል?

የካቲት 28

በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍት ማንኪያ ይዟል። ብቻውን ምሳ እየበላ ነበር።

ቆሜ ነገርኩት። "ጓዴን አንተ አልገደልከውም። እኔ ነኝ። በመዥገር መድኃኒት።"

"እኔ አለመግደሌን አሁን ካንተ ነው የምሰማው?" አለ።

"አምሃ፣ የአባይነሽ ለቅሶ…"

"እሱን ተወው።"

"አልተውም።"

"ድሮም አትተውም።" ማንኪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ሳያውቀው። "ሦስቱንም ቀን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ 'ሰው አለው' እል ነበር። ትመጣለህ ብዬ። ሰው ቆሞ፣ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ቄሱን እንኳ ከለከልኩ።"

አለቀስኩ። ለአባይነሽ ነው። በሰባት ወሩ።

"በል ግባ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ" አለ።

መጋቢት 7

የእድር ስብሰባ። ተነሣሁ። የእድሩ ዳኛ ዘመንፈስቅዱስ "አጀንዳ ውስጥ የለህም፣ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ" አለ። "ስከስም በአጀንዳ አልከሰስኩም" አልኩት። እዚያው ሰው ፊት የተናገርኩትን እዚያው ሰው ፊት አነሣሁ። ውሻውን የገደልኩ እኔ፣ ሰው ያዋረድኩ እኔ፣ ለቅሶ ያልደረስኩ እኔ። ከአባላቱ ወይዘሮ አሳየች አፏን ያዘች። አምሃ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስወጣ ከኋላዬ መጥቶ "ፍሬን የለህም አንተ ሰውዬ" አለኝ።

ጠርሙሱን ለርሆቦት አስረክቤያለሁ። የዳማን መዥገር በመቆንጠጫ ነቀልን፣ አምሃ ጭንቅላቷን ይዞ።

ማታ ሐመልማል ደወለች። ወሬው ደርሷታል። "አባዬ፣ ምንድን ነው እድር ላይ የተናገርከው?" እድሩን ጠይቂ ብዬ ዘጋሁት።

መስማት የሚገባቸው ሰምተዋል። አንድ ጓዴ ቀርቷል፣ እሱ ደግሞ አጥሩ አጠገብ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው፣ አይሰማም። ስለዚህ በቃ። ልጄም ብትለምነኝ፣ አምሃ ራሱ ቢያነሣው፣ እዚህ ደብተር ላይም ቢሆን፣ ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር አላወራውም።