አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

የካቲት 3
ሁለት ዩኒፎርም ቆርጬ ሰፋሁ። የአንዱ ኮሌታ አስቸገረኝ።
ልጄ ደወለች። «እማ፣ የአውሮፕላን ትኬት ልኬልሻለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። እምቢ እንዳትዪኝ!»
ልብስ የምትጠብቅ ደንበኛ አለችኝ ብዬ ዘጋሁት። ማንም አልነበረም...

የካቲት 4
አትላሱን አወረድኩ። የእሷ ነው። ማንበብ የተማርኩት ትታቸው በሄደችው መጻሕፍት ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ።
ከዚህ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ እሷ ያለውን በክር ለካሁ። ስምንት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ይህን ያህል ይርቃል?
ያኔ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነበር። አባቷ በሞተ በወሩ፣ ከአክስቷ ጋር አሳፈርኳት። ስምንት ዓመቷ ነበር። «ሁለት ሳምንት ብቻ» አልኳት። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት... እሷ ሁለት ጊዜ መጥታለች። እኔ አንዴም አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

የካቲት 6
የለካሁትን ነገርኳት።
«እማ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ነው እኮ! እንዴት ነው የለካሽው?»
አሰብኩ... ወይ ጉድ! ለስፌት የሚተወውን ሁለት ሳንቲሜትር ጨምሬበት ኖሯል። እጄ ለምዶ።
በሳቅ ፈረሰች። «ሰማይ ምን ስፌት አለው?»
ግን እነሱም አየር መንገዱ ውስጥ ይጨምራሉ አለችኝ፤ አውሮፕላኑ ማረፍ ቢያቅተው ሌላ ቦታ የሚያደርሰው ነዳጅ። ሥራዋ ይኸው ነው። ርቀቱን፣ ነፋሱን፣ ነዳጁን ታሰላለች። እሷ ሳትፈርም አይነሳም! ስሄድ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ ስመለስ አምሳ ስምንት ደቂቃ። በአንድ መንገድ?
«ስትመለሺ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሻላ።»
ይህን ሁሉ ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።
ልትዘጋ ስትል፦ «ሥራ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያሰላሁት አንቺ ጋ መምጫውን ነው። ውጤቱን ሳየው ተናደድኩ። ለካ ቅርብ ነበርሽ።»

የካቲት 7
ጣቴን ሁለት ጊዜ በመርፌ ወጋሁ።

የካቲት 11
እኔው ደወልኩ። «እመጣለሁ» አልኳት። «መስኮት አጠገብ ተቀመጪ» አለችኝ።

የካቲት 17
የአውቶቡሱ መንገድ ከላይ ሲታይ ወለል ላይ የወደቀ ክር ይመስላል። ስምንት ዓመቷ ሳለ ሁለት ቀን ሙሉ የተንገላታችበት...
አብራሪው የበረራውን ሰዓት ሲናገር አጠገቤ ላለው ሰውዬ «ያሰላችው ልጄ ናት» አልኩት። ማን ጠየቀኝ? «ጎሽ፣ እንኳን ወለዱ!» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።
ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ስድሳ ዘጠኝ ደቂቃ።
ቢጫ የሥራ ሰደርያ ለብሳ መውጫው በር ላይ ቆማለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ይቅር በዪኝ» ብቻ። አቀፈችኝ፤ ብዙ ቆየን።
እንባዬን ጠርጌ «እንዳትቸገሪ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው የመጣሁት» አልኳት።
«ያንቺን ሁለት ሳምንት አውቀዋለሁ» አለችና ሻንጣዬን ነጠቀችኝ።