ለባለቤታቸው ሲፈሩ የኖሩት የጋሽ ትንፋሽ የሕይወት ታሪክ

ጎማ ሲነፉም ሲናገሩም እኩል ቁና ቁና ስለሚተነፍሱ ሰፈርተኛው «ጋሽ ትንፋሽ» ያላቸው ወንድማችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ልብስ እያጠቡ ካሳደጓቸው እናታቸው በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ከመወጣጫ ወድቀው የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጎሚስታ ቤት ተቀጠሩ። በኋላም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የራሳቸውን ከፈቱ። የለጠፉትን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ አለማውጣቱን ካላዩ አያስረክቡም ነበር። ደንበኛው ቢያጉረመርም፣ «ቸኩለህ ከሄድክ ቸኩለህ ትመለሳለህ» ይሉት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ ባለቤታቸውን ኤች አይ ቪ ነጠቃቸው። እሳቸውም ሲመረመሩ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ማን ለማን እንዳስተላለፈ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ቆለሉት፤ እስከ መጨረሻውም አላወረዱትም።

በ1998 ዓ.ም. መድኃኒት ጀመሩ፤ አንድም ቀን አላስተጓጎሉም። በ2002 ዓ.ም. ዛሬ በመካከላችን በሐዘን የተቀመጡትን የልብስ ሱቅ ሻጭ አገቡ። ከጋብቻው በፊት ሁሉንም ነግረዋቸዋል። ባለቤታቸው ከቫይረሱ ነፃ ነበሩ፤ ዐውቀው፣ ወደው ገቡ። ልጅም ይመኙ ነበር። ጋሽ ትንፋሽ ግን ብዙም ሳይቆዩ ብርጭቆ ለዩ፤ ቀጥለውም መኝታ ለይተው ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመሩ።

በ2010 ዓ.ም. ሐኪማቸው ሁለቱንም አስጠሯቸው። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ ዓመታት ማለፋቸውን፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እስከወሰዱና ውጤቱ እንዲሁ እስከቀጠለ በግንኙነት ወደ ሚስታቸው እንደማይተላለፍ፣ ልጅም መውለድ እንደሚችሉ ረጋ ብለው አስረዷቸው። ባለቤታቸው በደስታ አለቀሱ። ጋሽ ትንፋሽ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገድ ላይ ግን፣ «ሐኪሙ ቢሳሳትስ? አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ።

«እኔንስ በቁሜ እየቀበርከኝ አይደል?» አሏቸው ባለቤታቸው።

ጋሽ ትንፋሽ ያን ቀንም ሶፋው ላይ አደሩ።

ሐኪሙ በየቀጠሮው ደጋገሙላቸው። ባለቤታቸው ለመኑ፣ ተቆጡ፤ ነገሩ ለሽማግሌ የማይነገር ሆነና ዝም አሉ። ጋሽ ትንፋሽ በመጨረሻ ራርተው እሺ ሲሉ የባለቤታቸው የመውለጃ ዕድሜ አልፎ ነበር። እሺታውም ከአፍ አላለፈም።

ባለፈው ዓመት የጨጓራ ካንሰር ታወቀባቸው። ዘንድሮ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ በጠባቡ የሆስፒታል አልጋ ላይ አጠገባቸው ተጋደሙ። ጋሽ ትንፋሽ ለመሸሽ አቅም አልነበራቸውም። «ለካ እንዲህ ነበር» አሉ። በዚያው ሳምንት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጅ አልተኩም። ባለቤታቸውንና ይህን የጻፈችውን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ባለቤታቸው ዛሬም ከቫይረሱ ነፃ ናቸው። ይህ ታሪክ ሳይደበቅ ይነበብ ያሉትም ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ «ሌላው እንኳ ሐኪሙን ይመን» ብለዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው መጽናናትን እንለምናለን፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አናውቅም።