የዶሮ ቤቱ ፉጨት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ፣ ደህና ነን ማለት ልማድ ነውና፣ ደህና ነን።

አባባ ዛሬም እዚያው ዶሮ እርባታ ነው የሚሠራው። ልጆች ሳለን ምሳውን ስናደርስለት፣ የዶሮ ቤቱን በር ከመክፈቱ በፊት ያፏጭ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ዶሮዎቹ ድንገት ከደነገጡ ጥግ ላይ ተደራርበው ስለሚተፋፈኑ ነበር። አሁን ፉጨቱን ትቶ ባልዲ ያንኳኳል። "ፉጨት የጎረምሳ ነው" ይላል።

በቀደም የእርባታው ባለቤት ሐኪም አስመጣ፤ ለዶሮዎቹ ነው ታዲያ። ሐኪሙ የኩሱና የላባው ብናኝ ጀርም ተሸክሞ አየሩ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ማንም አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን እንዳይገባ አለ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ። አባባ መሸፈኛውን አመስግኖ ተቀበለና ኪሱ ከተተው። "ያችኑ ትንሿን አየር ይከለክለኛል" አለኝ። አልጋውንም ትቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ስጠይቀው "ለወገቤ ነው" ይላል።

ትናንት አብሬው ሄጄ እኔ አፏጨሁለት። ዶሮዎቹ ቀና ቀና ብለው ጸጥ አሉ። እሱ የበሩን መቃን ተደግፎ "አንቺ ልጅ... ጎበዝ" አለ። ያችን ቃል እስኪጨርሳት ጠበቅኩት።

ስትደውልለት አደራህን፣ ጥያቄ አታብዛበት። ስለ ልጆችህ፣ ስለ ሥራህ አንተው አውራው። ዝም ቢልህም ስልኩን አትዝጋ፤ እሱ ይሰማሃል።

ልጆቹን ሳምልኝ። ናፍቆትህን እስካሁን ችለነዋል፤ መምጫህን ግን ለከርሞ አታድርገው።

እህትህ