ከዜሮው ፊት የቀረችው ጭረት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለኦቦ ኤጄታ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? አካም ጅርቱ? የጎጆ ከተማ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? የእማዬስ ሳል ተሻላት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የአምቦ ሙቀት አወፈረሽ እያሉ ጓደኞቼ ይቀልዱብኛል።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጎረቤታችንን ቦጂያን አገኘሁት። ድንቹን ውርጭ እንደመታው፣ የእኛም የጎረቤቶቻችንም ማሳ እንደጠቆረ ነገረኝ። ድሮ ሰው በየተራ ውርጭ ሲጠብቅ ያድር ነበር። ዘንድሮ ግን እኔ ማሳው ዳር የተከልኩት መሣሪያ ብርዱ ከዜሮ ሲወርድ ስልክዎ ላይ መልእክት ይልካል፣ እርስዎም ጎረቤቱን ቀስቅሰው እርጥብ ጭድ ታጨሳላችሁ ተብሎ ሁሉም ተኛ። ለጠየቀዎት ሁሉ «መልእክቱስ መጥቷል፤ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ማለትዎንም ነገረኝ።

አባዬ፣ መልእክቱ አልመጣም። እርስዎም ያውቃሉ።

ከገበያ በቀጥታ ሄጄ መሣሪያው የመዘገበውን በኮምፒውተር አየሁ። ውርጩ የመታበት ዕለት ንጋት ዜሮ ይላል፤ ከፊቱ ግን የመቀነስ ምልክት አለ። ዜሮ ደግሞ ምን ይቀነሳል ብዬ ስህተት መሰለኝ። መምህሬ አቶ ብዙነህ ሲያስረዱኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብርዱ ከዜሮ በጥቂት ነጥብ ወርዶ ነበር፤ እኔ ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲያጠጋጋ ስላዘዝኩት ዜሮ ሆነ። ኮምፒውተር ግን ምልክቱን ከቁጥሩ ለይቶ በራሱ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቁጥሩ አልቆ ባዶ ሲሆን እንኳ ከየት ወገን እንደመጣ የምትናገረው ጭረት አትጠፋም። ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ እስካሁን እገረማለሁ። እኔ ግን የጻፍኩለት ጥያቄ «ከዜሮ ያንሳል?» የሚል ነበር፤ ሁለቱ ዜሮዎች እኩል ናቸውና «አያንስም» ብሎ ዝም አለ። መጠየቅ የነበረብኝ ምልክቱን ነው። አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ እስክንተማመንበት ግን ተራ ጥበቃው አይቅር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቁኝ እርስዎ ነዎት። ሠላሳ ዓመት በተራዎ አንድም ቀን ያልተኙ ሰው፣ ለእኔ ስም ሲሉ እንቅልፋም ተባሉ። አንጀቴን በሉት። እሑድ እመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ለጉባኤው እናገራለሁ። እባክዎ አይከልክሉኝ።

እማዬን «ለንሳ ጉልበትሽን ስማለች» ይበሉልኝ። ታናሼን ሶረቲን፣ ወንድሜን ፊራኦልን ይሳሙልኝ። ለቦጂያም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እንቅልፋም እያለ ከቀለደብዎ እስከ እሑድ ብቻ ይታገሱት።

ልጅዎ ለንሳ
አምቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.