ታቦቱ ከወረደ በኋላ በተራራው ላይ የቀሩት የእማሆይ ዓለምሸት አምባው የሕይወት ታሪክ

እማሆይ ዓለምሸት፣ ስመ ጥምቀታቸው ወለተ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ አምባው ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየች ደገፉ በ1904 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም በአባታቸው እጅ ነው።

በ1935 ዓ.ም. የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከነበሩት ባለቤታቸው ከአቶ በላይነህ ጋር ወደ አሰበ ተፈሪ መጡ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሣህሊቱ። በ1942 ዓ.ም. ወባ ወሰደቻት። አባቷም ዓመት ሳይሞላቸው ተከተሏት። ዘመድ ከቡልጋ መጥቶ እንመለስ ቢላቸው፣ «ሁለቱን እዚህ አፈር አልብሼ ወደ ማን ልመለስ?» አሉ።

በ1945 ዓ.ም. መንኩሰው ከቦኬ መንገድ በላይ ባለው ተራራ ላይ ወደምትገኘው ኪዳነ ምሕረት ገቡ። ያ ተራራ ከአናቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወገቡ የሼኽ መቃብር አለው፤ ጽዱና ወይራው ሁለቱንም ያለብሳል። ጉሙ እስከ ረፋድ አይገለጥም።

በ1949 ዓ.ም. ቄሱ ታመው ወረዱ። ተተኪ አልተገኘም። ጥቂቱ ምእመንም ወደ ከተማ ስለገባ ታቦቱ ወደ አሰበ ተፈሪ ተወሰደ። ካህናቱ አብረው እንዲወርዱ ለመኗቸው።

«ታቦቱ ቢወርድ ደጁ አልወረደም» ብለው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ በሌለበት ደጅ ብቻቸውን ጠርገው፣ ብቻቸውን ዳዊት ደግመው ኖሩ። የሰው ድምፅ ሲናፍቃቸው ለራሳቸው ጮክ ብለው ያነቡ እንደነበር ነግረውናል።

በ1953 ዓ.ም. እንጨት ነጋዴዎች መጥረቢያ ይዘው ጽዱን ሊጥሉ መጡ። እማሆይ ከግንዱ ሥር ተቀመጡ። ሰዎቹ ሊጎትቷቸው ሲሉ የሼኹን መቃብር የሚጠብቁት አቶ ጂብሪል ከነጎረቤቶቻቸው ደረሱ። «እሷን ነክታችሁ፣ ይሄን ዛፍ ጥላችሁ፣ በሰላም አትወርዱም! ምንጫችን ከሥሩ ነው» አሉ። ጫካው ተረፈ።

ባለፈው ክረምት ሳል ጸናባቸው። የአቶ ጂብሪል ባለቤት ወይዘሮ ሙሚና ጎረቤት ጠርተው በቃሬዛ ወደ ከተማ አወረዷቸው። በጤና ጣቢያ ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሥጋ ዘመድ የተረፈው ይህን የጻፈው የእህታቸው ልጅ ዳምጤ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ደርሶ ስለ አክስቱ ኑሮ ሲጠይቅ ወይዘሮ ሙሚና፣ «አዮ ብቻዋን ነበረች፣ አልዋሽህም። ጎረቤት ግን አላጣችም» አሉት። አዮ ማለት እናቴ ማለት ነው። ዛሬ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆመው የሚያለቅሱት የተራራው ሰዎች ናቸው፤ ሐዘንተኞች ናቸውና ዘመድ ብላችሁ አጽናኗቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቅዳሴ ከማይቋረጥበት፣ ሰው ከማይናፈቅበት ማኅበር ይደምርልን። አሜን።